ለግል ኮምፒዩተራችን የትኛውን ፋይል ሲስተም እንምረጥ?

በመካከላችን ሊኑክስን በግል ኮምፒዩተሩ ላይ የሚጭን ተማሪ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሊኑክስ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ያረጀና የደከመ ላፕቶፕም ቢሆን በርሱ ጥቂት ዓመት ዕድሜ ይቀጠልለታል። ታዲያ ሥራው ሲጀመር፣ ቋንቋውና ሰዓቱ ከተመረጠ በኋላ፣ ዲስኩ እንዴት ይዘጋጅ የሚል አንድ ገጽ ብቅ ይላል። በዚያ ገጽ ላይ ኤክስት 4፣ ቢቲአርኤፍኤስ፣ ኤክስኤፍኤስ የሚሉ ለጆሮ የማይጥሙ ስሞች ተደርድረው ምርጫ ይጠይቃሉ። ብዙዎቻችን የስሞቹን ትርጉም ሳንጠይቅ «ቀጥል» የሚለውን ተጭነን እናልፋለን።

እንዲህ ማለፉ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። የሆነ ሆኖ ይህ ምርጫ እንደ ሌሎቹ ምርጫዎች ነገ ተነገ ወዲያ በቀላሉ የሚለወጥ አይደለም። የፊደሉን መልክ ወይም የገጹን ቀለም በማናቸውም ቀን መለወጥ ይቻላል፤ ፋይል ሲስተምን መለወጥ ግን በጥቅሉ ዲስኩን ባዶ አድርጎ እንደገና መጀመር ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና።

ምናልባት ይህ ጉዳይ የመሐንዲሶች እንጂ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች አይደለም የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን አሳቡ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን። የመሐንዲስ ስሌት ቢጠፋ እንደገና ይሰላል። ካንድ ሽማግሌ አፍ የተቀዳ ተረት፣ የለቅሶ ግጥም ወይም የመንደር ታሪክ ግን ተናጋሪው ካለፉ በኋላ ዳግመኛ ሊቀዳ አይችልም። በላፕቶፑ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የሌለው ድምፅ የሚይዝ ተማሪ ቢኖር የኛ ፋኩልቲ ተማሪ ነው። ስለዚህ ስለ ዲስክ አያያዝ መጠየቅ ለማንም ካልቀረ ለኛ አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ፋይል ሲስተም መምረጥ ማለት የትኛውን ጥፋት ከሁሉ ይልቅ እንደምንፈራ መወሰን ነው። ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ፋይል ሲስተም የለም፤ እያንዳንዱ አንዱን ጥፋት ሲከላከል ለሌላው ይሳሳል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይገንዘብልን።

፩. ፋይል ሲስተም ምንድን ነው?

ዲስክ ማለት ቁጥር የተሰጣቸው እጅግ ብዙ ትናንሽ ሣጥኖች የተደረደሩበት መደርደሪያ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። በኤክስት 4 ላይ አንዱ ሣጥን ብዙውን ጊዜ 4,096 ባይት ይይዛል። ዲስኩ ራሱ «የመመረቂያ ጽሑፍ» ወይም «የእናቴ ፎቶግራፍ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው የሣጥን ቁጥር ብቻ ነው።

ታዲያ በሣጥኖቹና በኛ መካከል አንድ የመዝገብ ቤት ሹም ያስፈልጋል። ይህ ሹም ሦስት ሥራ አለው። የመጀመሪያው፣ የትኛው ጽሑፍ በየትኞቹ ሣጥኖች ውስጥ እንደተቀመጠ በመዝገብ መያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ባዶዎቹን ሣጥኖች ለይቶ ማወቅ ነው። ሦስተኛው፣ የፋይሉን ስም፣ ባለቤቱንና የተጻፈበትን ቀን መመዝገብ ነው። ይህ ሹም ነው ፋይል ሲስተም የሚባለው። ሣጥኖቹ ደኅና ሆነው መዝገቡ ከተበላሸ፣ ቤቱ ሙሉ ሳለ ባዶ እንደሆነ ይቆጠራል። ካርዶቹ የተደባለቁበት ቤተ መጻሕፍት እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉ አለ፣ ነገር ግን ማንም አያገኘውም።

፪. ከየት ተነሥቶ እዚህ ደረሰ?

በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለው የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ሲጀምር ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። የራሱ ፋይል ሲስተም ስላልነበረው፣ ፕሮፌሰር አንድሩ ታነንባም ለማስተማሪያ ካዘጋጁት ሚኒክስ ከተባለው ሥርዓት ወሰደ። ያ ፋይል ሲስተም ለማስተማሪያ የተሠራ በመሆኑ ጠባብ ነበር፤ ከ64 ሜጋባይት የበለጠ ዲስክ አይችልም፣ የፋይል ስምም ከ14 ባይት ሊያልፍ አይችልም ነበር።

ይህን ጥበት ለማስፋት ሬሚ ካርድ የተባለው ፈረንሳዊ በ1992 ኤክስት የተባለውን፣ በ1993 ደግሞ ኤክስት 2 የተባለውን አወጣ። ኤክስት 2 ፈጣንና የተመሰገነ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ኮምፒዩተሩ በሥራ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ ሹሙ መዝገቡን እየጻፈ ሳለ ብዕሩ ከእጁ እንደተነጠቀ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣም፣ የትኛው መስመር ሳይጨረስ እንደቀረ ስለማይታወቅ፣ መዝገቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መመርመር ነበረበት። ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ይህ ምርመራ ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር።

መፍትሔው በ2001 ወደ ሊኑክስ ከገባው ከኤክስት 3 ጋር መጣ። የዚህ ሥራ ዋነኛ ባለሞያ ስቲቨን ትዊዲ ነበር። አሳቡ ቀላል ነው። ሹሙ ዋናውን መዝገብ ከመንካቱ በፊት፣ ሊሠራ ያሰበውን በአንድ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ «ይህን ፋይል ከዚህ አንሥቼ ወደዚያ ላዛውር ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ ሥራውን ይሠራል። በመካከል መብራት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ያንን ደብተር ብቻ አንብቦ ጅምሩን ይፈጽማል ወይም ይተወዋል። ይህ ደብተር ጆርናል ይባላል። በሰዓታት ይቆጠር የነበረው ምርመራ በሰኮንዶች የሚያልቀው በርሱ ምክንያት ነው።

ኤክስት 4 ይህንኑ መንገድ አሻሽሎ በታኅሣሥ 2008 ከወጣው የሊኑክስ ዕትም ጀምሮ ለሥራ ብቁ ተባለ። ኡቡንቱም ከጥቅምት 2009 ወዲህ፣ ተጠቃሚው ሌላ ካልመረጠ በቀር፣ የሚጭነው ኤክስት 4ን ነው።

፫. አራቱ የጥፋት መንገዶች

ፋይሎቻችን የሚጠፉት በብዙ መንገድ ነው፤ ቢሆንም በአራት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው የመብራት መጥፋት ነው። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ሁለተኛው ድምፅ የሌለው ብልሽት ነው፤ ዲስኩ ሳይሰበር፣ ማስጠንቀቂያም ሳይሰጥ፣ በውስጡ ካሉት ባይቶች አንዱ ይለወጣል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ከዓመት በኋላ ፋይሉ ሲከፈት ነው። ሦስተኛው የገዛ እጃችን ነው፤ የማይሰረዘውን መሰረዝ፣ በአዲሱ ላይ አሮጌውን መጻፍ። አራተኛው ዲስኩ ጨርሶ መሞቱ ወይም ላፕቶፑ መሰረቁ ነው።

አሁን በየተራ የሚቀርቡትን ፋይል ሲስተሞች በነዚህ በአራቱ ሚዛን እንመዝናቸው።

፬. ኤክስት 4

ኤክስት 4 በመጀመሪያው ጠላት ፊት ጠንካራ ነው። ከላይ እንደተገለጸው ጆርናል ስላለው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መዝገቡ ራሱን ያስተካክላል። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስትበትን ነገር ማስረዳት ይገባናል። ጆርናሉ በተለመደው አሠራሩ የሚጠብቀው መዝገቡን እንጂ የጽሑፉን ይዘት አይደለም። ኮምፒዩተሩ ለፍጥነት ሲል አዲስ የተጻፈውን ወዲያው ወደ ዲስክ አያወርደውም፤ ጥቂት ሰኮንዶች፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ግማሽ ደቂቃ፣ በራም ውስጥ ያቆየዋል። በዚያ መካከል መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ደኅና ሆኖ የመጨረሻው አንቀጽ ግን ሊጠፋ ይችላል። በ2009 ኤክስት 4 አዲስ ሳለ፣ ከድንገተኛ መዘጋት በኋላ አንዳንድ ፋይሎች ባዶ ሆነው ስለተገኙ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ የኤክስት 4 ኀላፊ ቴዎዶር ጾ ማሻሻያ አዘጋጅቶ ችግሩን አቃለለው። ትምህርቱ ግን ዛሬም ያው ነው፤ ጆርናል አለ ብሎ ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ላይ ሳያስቀምጡ ሰዓታት መጻፍ ስንፍና ነው።

በሁለተኛው ጠላት ፊት ኤክስት 4 ደካማ ነው። የመዝገቡን ትክክለኛነት በማረጋገጫ ቁጥር ይጠብቃል፤ የፋይሎቻችንን ይዘት ግን አይመረምርም። አንድ ባይት ቢለወጥ የተለወጠውን እንደ ትክክለኛ አድርጎ ይሰጠናል። ለሦስተኛውም ጠላት በራሱ መድኃኒት የለውም፤ ትናንት የነበረውን መልክ አያስታውስም።

ከነዚህ ጉድለቶች ጋር እጅግ የሚያስመሰግነው ተራነቱ ነው። ብዙ ዓመት፣ በብዙ ኮምፒዩተር ላይ ተፈትኗል። መጠገኛ መሣሪያው የታወቀ ነው። የሊኑክስ ዲስክ ሁሉ ያነበዋል፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ቢሞት ዲስኩን አውጥቶ ከጓደኛ ኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ይበቃል። ክፍሉን ማስፋትም ማሳነስም ይቻላል። አንድ ነገር ብቻ እናስታውስ፤ ኤክስት 4 ከቦታው 5 በመቶውን ለሥርዓቱ አስተዳዳሪ ያስቀራል። በ1,000 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ይህ 50 ጊጋባይት ነው። ሥርዓቱ ራሱ በተጫነበት ክፍል ላይ መጠባበቂያው ጠቃሚ ሲሆን፣ ፋይል ብቻ በሚቀመጥበት ዲስክ ላይ ግን ያለ ሥጋት ሊቀነስ ይችላል።

፭. ቢቲአርኤፍኤስ

ቢቲአርኤፍኤስን የጀመረው ክሪስ ሜሰን በ2007 በኦራክል ኩባንያ ሳለ ነው፤ በ2009 ወደ ሊኑክስ ገባ። የፌዶራ የዴስክቶፕ ዕትም ከጥቅምት 2020 ወዲህ የመጀመሪያ ምርጫው አድርጎታል።

የዚህ ፋይል ሲስተም ዋና አሳብ በብራና ላይ ከሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ሥራ ጋር ቢነጻጸር በቀላሉ ይገባል። አንዱ ጸሐፊ ሲሳሳት ብራናውን ፍቆ በዚያው ቦታ ላይ ይጽፋል፤ ፍቆ ሳይጨርስ ቢጠሩት አሮጌውም የለ፣ አዲሱም የለ። ሌላው ግን አሮጌውን ሳይነካ በአዲስ ቅጠል ላይ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ፣ በማውጫው ላይ «ከእንግዲህ ይህን ቅጠል አንብቡ» ብሎ ያመለክታል። ቢቲአርኤፍኤስ እንደ ሁለተኛው ጸሐፊ ነው። መብራት በማናቸውም ሰዓት ቢጠፋ ማውጫው ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ያመለክታል እንጂ በግማሽ የተፋቀ ገጽ አይገኝም።

ከዚህ አሠራር ሁለት ትላልቅ ጥቅሞች ይወለዳሉ። አንደኛው ስናፕሾት ይባላል። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ካልተጣሉ፣ የትናንቱን ማውጫ ብቻ በመያዝ የትናንቱን መልክ በሙሉ መጠበቅ ይቻላል። ይህን መሥራት አንድ ሰኮንድ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ ቦታ የሚወስደውም በኋላ የተለወጠው ብቻ ነው። ምዕራፉን ሰርዞ በማግስቱ የተጸጸተ ተማሪ ስናፕሾት ካለው ጸጸቱ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ይህ ለሦስተኛው ጠላት፣ ማለት ለገዛ እጃችን፣ የተገኘ መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ነጋዴ በሒሳብ መዝገቡ ግርጌ ድምሩን እንደሚጽፍ፣ ቢቲአርኤፍኤስም ለእያንዳንዱ የፋይል ክፍል አንድ ቁጥር አስልቶ ያስቀምጣል፤ ሲያነብም እንደገና አስልቶ ያመሳክራል። ካልተስማማ የተበላሸውን እንደ ደኅና አድርጎ አይሰጥም፤ ስሕተት አለ ብሎ ይናገራል። ድምፅ የሌለው ብልሽት ድምፅ ያገኛል ማለት ነው። ነገር ግን አንባቢ ይጠንቀቅ፤ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ዲስክ አንድ ብቻ ከሆነ ብልሽቱን ማወቅ እንጂ ማዳን አይችልም፤ የሚተካበት ሌላ ቅጂ የለውምና። እሳቱን የሚያሳይ እንጂ የሚያጠፋ አይደለም።

በተጨማሪም ፋይሎችን ሳናውቀው እያመቀ ቦታ ይቆጥባል። ይህ ለጽሑፍ ብዙ ይረዳል፤ አስቀድሞ ለታመቀ ፎቶግራፍ፣ ለኤምፒ 3 ድምፅና ለቪዲዮ ግን የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው።

ጉድለቶቹንም መደበቅ አይገባም። በመካከላቸው ዘወትር የሚታረሙ ትላልቅ ፋይሎች፣ ለምሳሌ የዳታቤዝ ፋይሎች፣ በዚህ አሠራር እየተበታተኑ ይዘገያሉ። ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ ነፃ ቦታው ስንት እንደሆነ መረዳት ያስቸግራል፤ ስናፕሾት ከበዛ የሰረዝነው ፋይል ቦታውን አይለቅም። የከፋ ጉዳት ሲደርስበትም፣ የመጠገኛው መሣሪያ መምሪያ ራሱ፣ ያለ ባለሞያ ምክር ጠግን የሚለውን ትእዛዝ አትጠቀሙ ሲል ያስጠነቅቃል። ብዙ ዲስኮችን ሬይድ 5 እና ሬይድ 6 በሚባለው ስልት ማጣመርም በቢቲአርኤፍኤስ ላይ አይመከርም። እንግዲህ ቢቲአርኤፍኤስ ብዙ የሚሰጥ፣ ነገር ግን ባለቤቱ ጥቂት እንዲያውቅ የሚፈልግ ነው።

፮. ሌሎቹስ?

ኤክስኤፍኤስ በሲሊኮን ግራፊክስ ኩባንያ ተሠርቶ በ1994 ከኩባንያው ሥርዓት ጋር የወጣ፣ በኋላም ወደ ሊኑክስ የተዛወረ ነው። ለትላልቅ ፋይሎችና ለትላልቅ ዲስኮች የተመሰገነ ሲሆን፣ ሬድ ሃት ከ2014 ጀምሮ በሰርቨር ዕትሙ የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎታል። ለግል ላፕቶፕም ክፉ አይደለም፤ ይሁን እንጂ እንደ ኤክስት 4 ክፍሉን እንደ ልብ ማሳነስ ስለማይቻል፣ ዲስኩን ዛሬ በአንድ መልክ ነገ በሌላ መልክ መከፋፈል ለሚወድ ተማሪ አይመችም። የፋይሎችን ይዘትም በማረጋገጫ ቁጥር አይጠብቅም።

ዜድኤፍኤስ በሰን ማይክሮሲስተምስ ተሠርቶ በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። በስናፕሾትና በማረጋገጫ ቁጥር የቢቲአርኤፍኤስ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ዲስክ ላለው፣ ማኅደረ ድምፅ ለሚያቋቁም ክፍል እጅግ ጥሩ ነው። ችግሩ ሕጋዊ ነው፤ የተለቀቀበት ፈቃድ ከሊኑክስ ፈቃድ ጋር አይስማማምና ከሊኑክስ ኮድ ውጭ ይኖራል። ስለዚህ ሊኑክስ በታደሰ ቁጥር ዜድኤፍኤስ እስኪከተል መጠበቅ ያጋጥማል። ራም በብዛት መጠቀምም ይወዳል። ባንድ ዲስክ ለሚኖር ላፕቶፕ ልብሱ ሰፋ ይላል።

ኤፍ2ኤፍኤስ የሳምሰንግ ሥራ ነው፤ በ2013 ወደ ሊኑክስ ገባ። የታሰበውም ለፍላሽ ማስታወሻዎች ሲሆን ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ይጠቀሙበታል። በላፕቶፕ ላይ ግን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ችግር ሲመጣ ረዳት ማግኘት ይከብዳል።

ስለ አዲስነትና ስለ ዝና አንድ ቃል እንጨምር። ሬይዘርኤፍኤስ በ2001 ወደ ሊኑክስ ሲገባ ጆርናል ያለው የመጀመሪያው ነበር፤ ብዙ ሰውም አመሰገነው። በጥር 2025 ከወጣው ዕትም ተሰርዟል። ቢካሽኤፍኤስ ደግሞ በጥር 2024 በትልቅ ተስፋ ገባ፤ ጸሐፊው ከሊኑክስ ኀላፊዎች ጋር በአሠራር ደንብ ስላልተስማማ በ2025 ከዋናው ኮድ ወጣ። ሁለቱም ደካማ ሥራዎች ስለሆኑ አይደለም። ፋይል ሲስተም እንደ ቤት ነው፤ መልኩ ብቻ ሳይሆን ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚጠግነው ሰው መኖሩ ሊታይ ይገባል።

፯. ፍላሻችንና ፊደላችን

ከጓደኛ ዊንዶውስ ጋር የምንለዋወጥበት ፍላሽ በኤክስት 4 ቢዘጋጅ ዊንዶውስ እንደወትሮው ሊያነበው አይችልም። ለዚህ ሥራ ኤክስፋት ይሻላል፤ ማይክሮሶፍት በ2019 ዝርዝሩን ለሕዝብ ካወጣ ወዲህ ሊኑክስ በራሱ ያነበዋል። የቀደመው ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ረዥም የቪዲዮ ቅጂ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ሁለቱም ጆርናል የላቸውም። ስለዚህ ፍላሽን «አስወጣ» ሳይሉ መንቀል ሹሙን ብዕሩን እንደያዘ መግፋት ነው።

ሌላው በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የሚያጋጥም ነገር ነው። በኤክስት 4፣ በቢቲአርኤፍኤስም ሆነ በኤክስኤፍኤስ የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ በ1999 ወደ ዩኒኮድ የገባው ፊደላችን ግን በሊኑክስ አጻጻፍ እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የአማርኛ የፋይል ስም ከ85 ፊደል አያልፍም። ዊንዶውስ ግን የሚቆጥረው በሌላ መንገድ በመሆኑ 255 ፊደል ድረስ ይፈቅዳል። የመመረቂያ ጽሑፉን ሙሉ ርእስ የፋይል ስም ያደረገ ተማሪ ፋይሉን ወደ ሊኑክስ ሲገለብጥ «ስሙ ረዝሟል» ቢባል ዲስኩ ተበላሸ ብሎ አይደንግጥ፤ ስሙን ያሳጥር። ምርጫችን ማናቸውም ቢሆን በዚህ በኩል ልዩነት የለውም። በሚኒክስ ዘመን ቢሆን ኖሮ በ14 ባይት የምንጽፈው አራት ፊደል ብቻ ነበር።

፰. እንግዲህ ምን እንምረጥ?

አንድ ላፕቶፕና አንድ ዲስክ ያለው፣ ኮምፒዩተሩን ለመጻፍና ለማንበብ እንጂ ለመመራመር የማይፈልግ ተማሪ ኤክስት 4ን ይምረጥ። ተራ ነው፤ ተራነቱም ጥቅሙ ነው። ችግር ቢመጣ የሚረዳው ሰው በየክፍሉ ያገኛል። የሥርዓቱን የቀድሞ መልክ መጠበቅ ከፈለገም ታይምሺፍት የተባለው ፕሮግራም በኤክስት 4 ላይም ይሠራል።

ብዙ ቅጂ ድምፅና ሰነድ የሚያከማች፣ ወይም ጽሑፉን እየሰረዘና እየመለሰ የሚሠራ፣ ጥቂት ለማንበብ ትዕግሥት ያለው ተማሪ ግን ቢቲአርኤፍኤስን ቢመርጥ አይጸጸትም። ይኸውም ዲስኩን እስከ አፉ ሳይሞላ፣ አሮጌ ስናፕሾቶችን በየጊዜው እያጸዳ፣ በየወሩም የማረጋገጫ ምርመራውን እያስኬደ ነው። ቅጂው መበላሸቱን ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ማወቅና ካለፉ በኋላ ማወቅ አንድ አይደለም።

ኤክስኤፍኤስን ትላልቅ የቪዲዮ ፋይሎች ብቻ ለሚያስቀምጥ፣ ዜድኤፍኤስን ሁለት ዲስክ ላለው ማኅበር ወይም ክፍል እንተወው።

ማናቸውም ቢመረጥ ሁለት ነገር በዚያው ቀን ቢደረግ መልካም ነው። አንደኛ፣ ሥርዓቱ የሚጫንበትን ክፍልና የራሳችን ፋይሎች የሚቀመጡበትን ክፍል መለየት ነው፤ ነገ ሊኑክስን እንደገና መጫን ቢያስፈልግ ፋይሎቹ ሳይነኩ ይቀራሉ። ቢቲአርኤፍኤስ ይህን ያለ ቋሚ ግድግዳ በንዑስ ክፍሎች ይሠራዋል። ሁለተኛ፣ ሉክስ የተባለውን የምስጢር መቆለፊያ መምረጥ ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ዕቃውን እንጂ የሰዎችን ምስጢርና የነገሩንን ቃል አያገኝም። የይለፍ ቃሉ ከተረሳ ግን ለባለቤቱም አይከፈትም፤ ስለዚህ ተጽፎ በተጠበቀ ቦታ ይቀመጥ።

፱. የመጨረሻው ነገር

አንባቢ እንዳስተዋለው፣ ከአራቱ ጠላቶች አራተኛውን አንድም ፋይል ሲስተም አላሸነፈውም። ዲስኩ ሲሞት ኤክስት 4ም ቢቲአርኤፍኤስም አብረው ይሞታሉ። ስናፕሾትም ቢሆን በዚያው ዲስክ ላይ ያለ ነው፤ ቤቱ ሲቃጠል ከሣጥኑ ጋር የሣጥኑ ቁልፍም ይቃጠላል። ለዚህ ያለው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሁለተኛ ቅጂ፣ በሌላ ዲስክ፣ በሌላ ቤት።

ይህም ውድ ነገር አይደለም። ሁለት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው አንድ የውጭ ዲስክ ቢኖራቸው፣ በየሳምንቱ ዐርብ የሥራቸውን ቅጂ ቢለዋወጡ፣ አንዱ የሌላው መዝገብ ቤት ይሆናል። ቅጂው ተቆልፎ ስለሚሰጥ ምስጢርም አይባክንም። ከዚያም በወሰን ጊዜ፣ ለምሳሌ በየሴሚስተሩ መጨረሻ፣ አንድ ፋይል ከቅጂው ላይ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ ማለት አይቻልምና።

ማኅበራችንም ቢሆን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ሊሠራ ይችላል ብለን እናምናለን። ተማሪዎች በየዓመቱ ወደየሀገራቸው ሲሄዱ የሚቀዱት ተረትና ታሪክ፣ ተማሪው ሲመረቅ ከላፕቶፑ ጋር ይሄዳል፤ ላፕቶፑ ሲያረጅም አብሮ ያልፋል። ሁለት ዲስክ ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በማኅበሩ ክፍል ቢቀመጥ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በባለቤቶቹ ፈቃድ የቀዳውን ቅጂ እዚያ ቢያኖር፣ የማረጋገጫ ቁጥሩም በየወሩ ቢመሳከር፣ ከኛ በኋላ ለሚመጡት የሚቀር ሀብት ይሆናል። አያቶቻችን የነገሩንን በብራና ላይ ያኖሩልን ጸሐፍት ብራናውን ከአይጥና ከውሀ ጠብቀው ነበር። ለኛ ደግሞ የተሰጠን ዲስክ ነው፤ የመጠበቁ ግዴታ ግን ከነርሱ ወደ እኛ የተላለፈው ያው ነው።